የሰው መድኃኒቱ ሰው ነው፦ ከአልኮል ሱስ ለማገገም የመረዳጃ ቡድን ፍለጋ

አንድ ተማሪያችን ከክፍል በኋላ ወደ ቢሮአችን መጥቶ ከፊዚክስ ትምህርት ጋር ምንም ግንኙነት የሌለው ጥያቄ አቀረበልን። ቤተሰቦቹ የሚኖሩት ጊንጪ ነው። «መምህር፣ አባቴ መጠጥ ለማቆም ቆርጧል። ብቻውን ሦስት ጊዜ ሞክሮ አልሆነለትም። በፊልም ላይ መጠጥ ያቆሙ ሰዎች ክብ ሠርተው ተቀምጠው ሲነጋገሩ አይቻለሁ። እንዲህ ያለ ማኅበር ጊንጪ ውስጥ የት ይገኛል?» አለን። በዕለቱ የሰጠነው መልስ «ጠይቀን እንነግርሃለን» የሚል ብቻ ነበር። ይህ ጽሑፍ ያንን ቃላችንን ለመፈጸም የተዘጋጀ ሲሆን፣ ተማሪው ጥያቄውን ለሌሎች አንባብያን እንድናካፍል ፈቅዶልናል።

ጊንጪ ከአዲስ አበባ ወደ አምቦ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ፣ ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ 80 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ የምዕራብ ሸዋ ከተማ ናት። ሰው ከሰው የሚተዋወቅባት፣ የገበያ ቀን የሚደምቅባት፣ እንደ ሌሎቹ የመንገድ ዳር ከተሞቻችን ሁሉ ጠላና አረቄ የብዙ እናቶች የዕለት እንጀራ የሆነባት ከተማ ናት። በእንዲህ ያለች ከተማ የመረዳጃ ቡድን የሚፈልግ ሰው በቅድሚያ ሊያውቀው የሚገባ ነገር አለ። የሚፈለገው በር ላይ የተሰቀለ ሰሌዳ ወይም ቢሮ አይደለም። የሚፈለገው መጠጥን ያቆመ ወይም ለማቆም የቆረጠ አንድ ሌላ ሰው፣ አንድ ቋሚ ሰዓትና መጠጥ የሌለበት አንድ ቦታ ነው። ይህ ለምን እንደ ሆነና ፍለጋው ከየት እንደሚጀመር ከዚህ በታች እናብራራለን።

በሰውነት ውስጥ ያለው ሒሳብ

በመጠጦች ሁሉ ውስጥ የሚገኘው አስካሪ ንጥረ ነገር አንድ ነው፤ እርሱም ኤታኖል ይባላል። የሚለያየው መጠኑ ነው። በቤት የሚጠመቀው ጠላ፣ በአካባቢው አጠራር ፈርሶ፣ እንደ አጠማመቁ ከ2 እስከ 6 በመቶ ያህል ኤታኖል ይኖረዋል። ጠጅ ከዚያ ይበልጣል። በእንፋሎት የሚወጣው አረቄ ደግሞ፣ በተለይ ዳግም የወጣው፣ እስከ 45 በመቶ ሊደርስ ይችላል። የኤታኖል እፍጋት በሚሊ ሊትር 0.79 ግራም ያህል በመሆኑ ስሌቱ ለማንም የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ቀላል ነው። 330 ሚሊ ሊትር የሚይዝ፣ 5 በመቶ ኤታኖል ያለበት አንድ ጠርሙስ ቢራ 13 ግራም ያህል ንጹሕ አልኮል ይዟል። 4 በመቶ የሆነ አንድ ሊትር ጠላ 32 ግራም፣ 50 ሚሊ ሊትር የምትይዝ አንዲት የአረቄ መለኪያ ደግሞ 18 ግራም ያህል አላቸው። ስለዚህ «እኔ የምጠጣው ጠላ ብቻ ነው» የሚለው አነጋገር በሳይንስ ሚዛን ሲታይ ብዙ የሚያጽናና አይደለም።

ሰውነት ይህን አልኮል የሚያስወግድበት መንገድም ልብ ሊባል ይገባል። በራዲዮአክቲቭ ንጥረ ነገሮች እንደምናውቀው በየተወሰነ ጊዜ በግማሽ እየቀነሰ አይሄድም። ጉበት የቻለውን ያህል ብቻ፣ በአማካይ በሰዓት ከ7 እስከ 10 ግራም ያህል፣ በማይለወጥ ፍጥነት ያቃጥለዋል። ቡና መጠጣትም ሆነ በቀዝቃዛ ውኃ መታጠብ ይህን ፍጥነት አይጨምረውም። አሥር መለኪያ አረቄ የጠጣ ሰው 180 ግራም አልኮል ወስዷል፤ በሰዓት 8 ግራም ቢቃጠልለት ሁሉም ከደሙ እስኪወጣ 22 ሰዓት ተኩል ይፈጃል። በየዕለቱ እንዲህ የሚጠጣ ሰው ሰውነቱ ከአልኮል ነጻ የሚሆንበት ጊዜ ከቶ የለም ማለት ይቻላል።

ሚዛኑ ሲዛባ

በአንጎል ውስጥ የነርቭ ሴሎችን ሥራ የሚያቀዘቅዙና የሚያነቃቁ መልእክተኛ ኬሚካሎች አሉ። ከሚያቀዘቅዙት ዋነኛው ጋባ፣ ከሚያነቃቁት ዋነኛው ግሉታሜት ይባላል። አልኮል የመጀመሪያውን ያበረታል፤ ሁለተኛውን ያዳክማል። ጥቂት የጠጣ ሰው የሚረጋጋው፣ ብዙ የጠጣ ሰው ምላሱ የሚተሳሰረውና እግሩ የሚንገዳገደው በዚህ ምክንያት ነው።

ተማሪዎች በኬሚስትሪ ትምህርት የለ ሻትልዬን መርህ ያውቁታል፤ በሚዛን ላይ ያለ ሥርዓት ከውጭ ጫና ሲያርፍበት ጫናውን በሚቀንስ አቅጣጫ ይለወጣል። አንጎልም፣ ዘዴው የተለየ ቢሆንም፣ ተመሳሳይ ነገር ያደርጋል። አልኮል በየዕለቱ በአንድ በኩል ሲጫነው እርሱ በሌላው በኩል ክብደት እየጨመረ ይሄዳል፤ የሚያቀዘቅዘውን ይቀንሳል፤ የሚያነቃቃውን ያበዛል። ከወራትና ከዓመታት በኋላ ሰውየው ለመስከር ሳይሆን እንደ ሰው ለመቆም መጠጣት ግድ ይሆንበታል። ጠዋት እጁ የሚንቀጠቀጠውና አንድ መለኪያ ሲጠጣ የሚረጋጋው ለዚህ ነው። በዚህ ደረጃ ላይ ለደረሰ ሰው «ፈቃደ ደካማ» የሚለው ስም ነገሩን አይገልጸውም፤ የተለወጠው ራሱ አካሉ ነው።

ከዚህ ውስጥ አንድ አስፈላጊ ማስጠንቀቂያ ይወጣል። በአንደኛው ጎን ያለው ጫና በድንገት ሲነሣ ሚዛኑ በኃይል ወደ ሌላው ጎን ይወድቃል። ለረጅም ጊዜ ብዙ የጠጣ ሰው በአንድ ቀን ቢያቆም ከ6 እስከ 12 ሰዓት ባለው ጊዜ መንቀጥቀጥ፣ ላብ፣ ማቅለሽለሽና ጭንቀት ሊጀምረው ይችላል። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ውስጥ የሚጥል በሽታን የመሰለ መንፈራገጥ ሊያጋጥመው ይችላል። ከሁለተኛው እስከ አራተኛው ቀን ደግሞ አንዳንዶች ሐሳባቸው ይታወካል፤ የሌለ ነገር ያያሉ፤ ትኩሳት ይይዛቸዋል። ይህ የመጨረሻው ሕክምና ካላገኘ ሊገድል ይችላል። በመሆኑም ጠዋት ጠዋት ካልጠጣ እጁ የሚንቀጠቀጥ፣ ከዚህ በፊት ሲያቆም የተንፈራገጠ፣ በዕድሜ የገፋ ወይም ሌላ ሕመም ያለበት ሰው ከመረዳጃ ቡድን አስቀድሞ ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ አለበት። ለዚህ ችግር የሚሰጡት መድኃኒቶች፣ ማለትም እንደ ዳያዜፓም ያሉ ማረጋጊያዎችና ቫይታሚን ቢ1፣ የታወቁ ናቸው፤ መጠናቸውን ግን የሚወስነው ሐኪም እንጂ ጎረቤት አይደለም።

ሕክምናው አካልን በቀናት ውስጥ ሊያረጋጋ ይችላል። ከዚያ በኋላ ግን ሰውየው ወደዚያው ሠፈር፣ ወደዚያው ወዳጅ፣ ወደዚያው የደመወዝ ቀን ይመለሳል። የመረዳጃ ቡድን የሚያስፈልገው ለዚህኛው ረጅም ጊዜ ነው።

በአንድ ሆቴል የተጀመረ ፍለጋ

ተማሪያችን በፊልም ያየው ዓይነት ማኅበር አነሣሥ ራሱ ከጥያቄው ጋር የሚመሳሰል ነው። እ.ኤ.አ. በግንቦት ወር 1935 ቢል ዊልሰን የተባለ የኒው ዮርክ የአክሲዮን ገበያ ሰው ለሥራ ጉዳይ ኦሃዮ ግዛት ውስጥ ወደምትገኘው አክሮን ከተማ ሄደ። መጠጥ ካቆመ ገና አምስት ወሩ ነበር። ሥራው አልተሳካለትም። በማያውቀው ከተማ፣ በሆቴሉ መግቢያ አዳራሽ ውስጥ ብቻውን ቆሞ ሳለ በአንድ በኩል የመጠጥ ቤቱ ድምፅ ይሰማው ነበር፤ በሌላው በኩል የከተማዋ አብያተ ክርስቲያናት ዝርዝር ተለጥፎ ነበር። ዊልሰን ከዝርዝሩ አንድ ቄስ መርጦ ስልክ ደወለ። የጠየቀውም ምክር አልነበረም፤ ሊያነጋግረው የሚችል ሌላ የመጠጥ ሱሰኛ እንዲያገኙለት ነበር።

ከአንዱ ወደ ሌላው እየተላለፈ ፍለጋው ቦብ ስሚዝ ወደተባሉ የከተማዋ ቀዶ ሐኪም አደረሰው። ሐኪሙ ብዙ የተመከሩና ምክር የሰለቻቸው ሰው ስለ ነበሩ አሥራ አምስት ደቂቃ ብቻ ፈቀዱለት። ሁለቱ ሰዎች ግን ከስድስት ሰዓት በላይ ተነጋገሩ። ዊልሰን ሐኪሙን አልመከራቸውም፤ የራሱን ታሪክ ነገራቸው እንጂ። ዶክተር ስሚዝ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ለሙያ ስብሰባ ወደ ሌላ ከተማ ሄደው እንደገና ጠጡ። ተመልሰው እ.ኤ.አ. ሰኔ 10 ቀን 1935 ከጠጡ በኋላ ግን እ.ኤ.አ. በ1950 እስኪሞቱ ድረስ አልቀመሱም። ያ ዕለት አልኮሊክስ አኖኒመስ፣ ማለትም «ስማቸውን የማይገልጹ የአልኮል ሱሰኞች» የሚባለው ማኅበር የተመሠረተበት ቀን ሆኖ ይከበራል። ማኅበሩ ዛሬ 180 ያህል በሚሆኑ አገሮች ውስጥ ቡድኖች አሉት። አባል ለመሆን የሚጠየቀው መጠጥ የማቆም ፍላጎት ብቻ ነው፤ ክፍያ የለውም፤ ወጪውን የሚሸፍነው አባላት በፈቃዳቸው በሚያዋጡት ገንዘብ ነው።

ከዚህ ታሪክ ሁለት ነገሮችን እናስተውላለን። ዊልሰን በአክሮን ያገኘው የተደራጀ ቡድን አልነበረም፤ አንድ ሰው ነበር። ከመሥራቾቹ አንዱም ከተነሣ በኋላ ወድቆ ነበር፤ ይህም ከማኅበሩ አላስወጣውም።

በውጭ አገር በትምህርት ላይ ሳለን አንድ ወዳጃችንን አጅበን እንግዳ በሚፈቀድበት እንዲህ ባለ ስብሰባ ላይ ተገኝተን ነበር። ያየነው ነገር እጅግ ቀላል ነው። አሥራ አምስት የሚሆኑ ሰዎች በአንድ ቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት ውስጥ ቡና ቀድተው ተቀመጡ። ተራ በተራ የመጀመሪያ ስማቸውን ብቻ እየተናገሩ ያለፈው ሳምንት እንዴት እንዳለፈ አወሩ። አንዱ ሲናገር ሌላው አያቋርጥም፤ ሲጨርስም ማንም ምክር አይሰጥም፤ አይገሥጽም። ልክ በአንድ ሰዓት ስብሰባው አበቃ። ወዳጃችን ሲወጣ በኪሱ የሁለት ሰዎች ስልክ ቁጥር ይዞ ነበር።

ቡድን ለምን ይረዳል?

ይህ ሁሉ ከልማድ ያለፈ ማስረጃ አለውን? እ.ኤ.አ. በ2020 ኮክሬን የተባለው የሕክምና ማስረጃዎችን የሚመረምር ዓለም አቀፍ ድርጅት 10,565 ሰዎች የተሳተፉባቸውን 27 ጥናቶች መርምሮ ውጤቱን አሳትሟል። ሰዎችን በተደራጀ መንገድ ወደ እነዚህ ቡድኖች የሚያስገቡ ሕክምናዎች ከሌሎች የታወቁ የሥነ ልቦና ሕክምናዎች ጋር ሲነጻጸሩ፣ ከአንድ ዓመት በኋላ ምንም ሳይጠጡ የቆዩት በመጀመሪያው ወገን ከመቶ 42፣ በሁለተኛው ከመቶ 35 ሆነው ተገኝተዋል። አሃዙን በቅጡ ማንበብ ይገባል። ከመቶው ሰባት ሰው የሚሆነው ልዩነት ነጻ ለሆነ አገልግሎት ትልቅ ነገር ነው። ይሁንና በተሻለው ወገን እንኳ ከመቶው 58ቱ በዓመቱ ውስጥ ጠጥተዋል። ስለዚህ ማገርሸት የሚጠበቅ ነገር እንጂ የፍጻሜ ምልክት አይደለም። አብዛኞቹ ጥናቶች በአሜሪካ የተካሄዱ መሆናቸውንም መዘንጋት አይገባም።

ቡድን የሚረዳባቸው ምክንያቶች ምስጢራዊ አይደሉም። የመጀመሪያው የወዳጅ መለወጥ ነው። ክርስቲያን ሁይገንስ የተባለው ሆላንዳዊ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1665 በአንድ ተሸካሚ ላይ የተሰቀሉ ሁለት የፔንዱለም ሰዓቶች ከጥቂት ጊዜ በኋላ ውዝዋዜያቸው እንደሚገጣጠም አስተዋለ፤ የሚያገናኛቸው የተሰቀሉበት እንጨት ነበር። ሰው ሰዓት ባይሆንም ምሳሌው ይረዳናል። በአንድ አግዳሚ ወንበር ላይ በየማታው አብረው የሚቀመጡ ሰዎች ልማዳቸው ይገጣጠማል። ሰውየውን ብቻውን «ተለወጥ» ከማለት ይልቅ የተቀመጠበትን ወንበር መቀየር ይቀላል። ሁለተኛው ምክንያት ሌላውን መርዳት ራሱ ረጂውን መጥቀሙ ነው፤ ፍራንክ ሪስማን የተባለው ተመራማሪ ይህን ሐሳብ እ.ኤ.አ. በ1965 በጽሑፍ አቅርቦታል። ሦስተኛው ተስፋ ነው። ሐኪም «መዳን ይቻላል» ሲል በእውቀት ይናገራል፤ አጠገብህ የተቀመጠው የቀድሞ ጠጪ ግን ራሱ ማስረጃ ነው።

የአገራችንም ልምድ ይህን ያረጋግጣል። ከኤች አይ ቪ ጋር የሚኖሩ ሰዎች መድኃኒቱ በስፋት ከመድረሱ በፊት፣ በ1990 ዓ.ም. ገደማ፣ መቅድምና የተስፋ ጎህ የተባሉትን ማኅበራት መሥርተው ነበር። በዚያን ጊዜ የነበረው መገለል ዛሬ በመጠጥ ሱሰኛ ላይ ካለው የከበደ ነበር። ሆኖም ጥቂት ሰዎች ተገናኝተው «እኔም እንዳንተ ነኝ» በመባባላቸው ብዙዎች ከተደበቁበት ወጥተዋል።

ጊንጪ ላይ ፍለጋው ከየት ይጀመራል?

የመጀመሪያው በር ጤና ጣቢያ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2008 ይፋ ባደረገው የአእምሮ ጤና መርሐ ግብር መሠረት በአገራችንም የአእምሮ ሐኪም ያልሆኑ የጤና ባለሙያዎች የአልኮል ችግርን ጭምር እንዲያዩ ሥልጠና ሲሰጥ ቆይቷል። ለባለሙያው አራት ነገሮችን በግልጽ መንገር ይጠቅማል፤ ምን ዓይነት መጠጥ፣ በቀን ስንት መለኪያ ወይም ስንት ሊትር፣ የመጨረሻው የተጠጣው መቼ እንደ ሆነ፣ ጠዋት እጅ ይንቀጠቀጥ እንደ ሆነ። ባለሙያው በዓለም ጤና ድርጅት የተዘጋጁ አሥር ጥያቄዎችን ሊጠይቅ ይችላል፤ ከ40 ነጥብ 8ና ከዚያ በላይ ያገኘ ሰው አጠጣጡ ለጉዳት የሚያጋልጥ ነው ተብሎ ይወሰዳል። ችግሩ ከበድ ካለ ወደ አምቦ ሆስፒታሎች፣ ከዚያም አዲስ አበባ ወደሚገኙት አማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ወይም ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሊላክ ይችላል።

ከሕክምናው ቀጥሎ ሊጠየቅ የሚገባው ጥያቄ ዊልሰን በስልክ የጠየቀው ነው፤ «መጠጥ ያቆመ፣ ሊያነጋግረኝ ፈቃደኛ የሚሆን ሰው ይኖር ይሆን?» የጤና ባለሙያ የታካሚን ስም አሳልፎ አይሰጥም፤ መስጠትም የለበትም። ነገር ግን የእናንተን ስልክ ቁጥር ወስዶ ለዚያ ሰው ሊያደርስና ምርጫውን ለእርሱ ሊተው ይችላል።

ሁለተኛው በር የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ናት። ይህ አገልግሎት ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ በየቀበሌው የተዘረጋ ሲሆን፣ ሠራተኞቹ ቤት ለቤት ስለሚዞሩ በየትኛው ቤት መጠጥ እንደ በረታ፣ ማን ደግሞ እንደተወው ከማንም በላይ ያውቃሉ።

ሦስተኛው በር የእምነት ተቋም ነው። የንስሐ አባት፣ የመካነ ኢየሱስና የሌሎች ወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት አገልጋዮች፣ የመስጊድ ኢማሞች ሰዎች ችግራቸውን በምስጢር የሚነግሯቸው ናቸው። በመጠጥ ላይ ግዝት ገብተው ለዓመታት የጠበቁ ሰዎችን ያውቃሉ። ሆኖም ግዝት አንድ ቀን የሚነገር ቃል ነው፤ ቃሉን በየሳምንቱ የሚያጸና ሰው ያስፈልገዋል። ጠበል ለመጠመቅ የሚሄድ ሰውም ሐኪም ያዘዘለትን መድኃኒት አብሮ መውሰዱን መቀጠል አለበት። ከላይ የጠቀስነው የማቋረጥ አደጋ ያለበት ሰው ሳይታከም በድንገት አቁሞ መጾም የለበትም።

አራተኛው በር ዕድር ነው፤ እዚህ ላይ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ዕድር፣ የጽዋ ማኅበርና በኦሮሞ ባህል ቡሳ ጎኖፋ የሚባለው የመረዳዳት ሥርዓት ሰውን ከወደቀበት ለማንሣት የቆሙ ናቸው። በብዙ ቦታ ግን ሲገናኙ የሚቀዳው ጠላ ነው። መጠጥ ያቆመ ሰው ከማኅበር ቢቀር ከሰው ይለያል፤ ቢሄድ ይፈተናል። መፍትሔው አስቀድሞ ከማኅበሩ ዳኛ ወይም ከቤቱ ባለቤት ጋር መነጋገር ነው። «ሐኪም ከልክሎኛል» ማለት በቂ ነው፤ ውሸትም አይደለም። በዚያው አካባቢ የሚታሸገው የአምቦ ውኃ፣ ወይም በዕለቱ የተበጠበጠ ብርዝ ሊቀርብለት ይችላል። ብርዙ ግን በዕለቱ የተበጠበጠ ይሁን፤ ያደረ ማር መፍላት ይጀምራልና።

አምስተኛው መንገድ ስልክ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2020 ወዲህ አልኮሊክስ አኖኒመስን የመሰሉ ማኅበራት በቪዲዮና በስልክ የሚያካሂዷቸው ስብሰባዎች እጅግ በዝተዋል። እንግሊዝኛ ለሚችልና ኢንተርኔት ለሚያገኝ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ወይም ሠራተኛ ይህ ጥሩ አማራጭ ነው። ለጊንጪ ገበሬ ወይም ነጋዴ ግን ልቡን የሚከፍተው በአፋን ኦሮሞ ወይም በአማርኛ፣ ፊት ለፊት ሲነጋገር ነው።

ጥሩ ቡድን በምን ይታወቃል?

የተገኘው ቡድን ሁሉ ጥሩ ነው ማለት አይደለም። ጥሩ ቡድን የመዳኛ ዋጋ አይጠይቅም፤ የሰማውን ወደ ውጭ አያወጣም፤ ከሐኪም የታዘዘን መድኃኒት አያስጥልም፤ ወድቆ የተመለሰን ሰው አያባርርም። ማሰር፣ መምታት ወይም ማስራብ ባለበት ቦታ መረዳዳት የለም። «በሰባት ቀን ፈጽሞ እናድናለን» የሚልም ሊታመን አይገባም። አንድን ቡድን አንድ ጊዜ ብቻ ተገኝቶ መመዘን ግን ትክክል አይሆንም። በላቦራቶሪ አንድን መጠን አንድ ጊዜ ለክተን እንደማንቀበል ሁሉ፣ ቢያንስ ሦስት ወይም አራት ጊዜ መገኘት ያስፈልጋል።

በትንሽ ከተማ ትልቁ ፍርሃት ምስጢር አለመጠበቁ ነው። ፍርሃቱ ተገቢ ነው፤ ሆኖም አንድ ነገር እናስታውስ። ሰውየው ሲጠጣ ከተማው ሁሉ አይቶታል፤ አሁን የሚደብቀው ማቆሙን ነው። ይህም ሆኖ የሚከብደው ሰው ቀጠሮውን ከጊንጪ ውጪ፣ አምቦ ወይም ሆለታ ላይ ሊያደርግ ይችላል። የሴቶች ችግር ከዚህ ይብሳል። የምትጠጣ ሴት ነቀፌታው ስለሚበረታባት ትደበቃለች፤ አረቄ እየሸጠች የምትኖር ከሆነች ደግሞ ከመጠጡ መራቅ ማለት ከገቢዋ መራቅ ነው። ለእርሷ ከሌሎች ሴቶች ጋር ብቻ የምትነጋገርበት ጊዜና ሌላ የገቢ መንገድ የሚፈልግላት ዕድር ወይም የቁጠባ ማኅበር ያስፈልጋታል።

ሁለት ሰው ከተገኘ

ፍለጋው ሁሉ አልቆ የተደራጀ ቡድን ባይገኝ እንኳ ሁለት ሰው ከተገኘ መጀመር ይቻላል። በሳምንት አንድ ቀን የማይለወጥ ሰዓት ይመረጣል፤ መጠጥ በሚበረታበት ዕለት፣ ለምሳሌ በገበያ ቀን ማታ ቢሆን ይመረጣል። ቦታው መጠጥ የማይሸጥበት ይሁን፤ የአንዱ ቤት በረንዳ፣ የትምህርት ቤት ክፍል ወይም የጤና ጣቢያው ግቢ ሊሆን ይችላል። ቡና ይፈላል። እያንዳንዱ አሥር ደቂቃ ያህል ስለ ሳምንቱ ይናገራል፤ ሌላው ያዳምጣል። የሰሙት በዚያው ይቀራል። ለመጠጣት የሚገፋፋ ስሜት ሲመጣ ከመጠጣት በፊት ስልክ ለመደወል ቃል ይገባባሉ፤ ስሜቱ ብዙውን ጊዜ በደቂቃዎች ውስጥ ከፍ ብሎ ከዚያ የሚበርድ ስለሆነ ያችን ጊዜ በወሬ ማሳለፍ ትልቅ ነገር ነው። አንዱ የማቋረጥ ሕመም ምልክት ካሳየ ሌላው ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ጣቢያ ይወስደዋል።

የልጆች ጉዳይ

በመጨረሻ ለአንባብያችን ለተማሪዎች የምንለው አለን። ያ ተማሪ የጠየቀን ስለ አባቱ ነበር፤ ስለ ራሱ አንዲት ቃል አልተናገረም። በሴሚስተሩ ውስጥ ግን ደጋግሞ ወደ ጊንጪ እንደሚመላለስ፣ አባቱ ያልገቡበትን ሌሊት እናቱ በስልክ ሲነግሩት ቁጭ ብሎ እንደሚያነጋ ኋላ ላይ ተረዳን። የቢል ዊልሰን ባለቤት ሎይስ ዊልሰን እ.ኤ.አ. በ1951 የሱሰኞች ቤተሰቦች የሚገናኙበትን አል አኖን የተባለውን ማኅበር ከመሠረቱት አንዷ ናት፤ ከስድስት ዓመት በኋላም ለወጣት ልጆች የተለየ ቡድን ተቋቁሟል። እነዚህ ማኅበራት ለልጅ የሚነግሩት ነገር አጭር ነው፤ የአባትህን መጠጥ ያመጣኸው አንተ አይደለህም፤ ልትቆጣጠረውም ሆነ ልትፈውሰው አትችልም። ልጅ ሊያደርግ የሚችለው መንገዱን ማሳየት፣ ሰክሮ ባለበት ሰዓት አለመጨቃጨቅና የራሱን ትምህርት አለመጣል ነው። በዩኒቨርሲቲዎቻችን የሚገኙት የምክር አገልግሎት ክፍሎች ለዚህም ጭምር የተቋቋሙ ናቸው።

ለተማሪያችን ይህን ሁሉ በቃል ነግረነው ነበር። አባቱ በቅድሚያ ወደ ጤና ጣቢያ ሄደው ታከሙ። ሁለተኛውን ሰው ለማግኘት ሁለት ወር ያህል ፈጅቷል፤ የተገኙትም በንስሐ አባታቸው በኩል ሲሆን፣ መጠጥ ካቆሙ ዘጠኝ ዓመት የሆናቸው የጡረታ ሰው ናቸው። አባቱ ከዚያ ወዲህ አንድ ጊዜ ጠጥተዋል፤ በማግሥቱ የደወሉት ግን ለእኚሁ ሰው ነው። ይህን ጽሑፍ ስናዘጋጅ በየሳምንቱ መገናኘታቸውን አላቋረጡም ነበር። ሦስተኛ ሰው ሊመጣ እንደሚፈልግ መላኩንም ተማሪያችን ነግሮናል።